«ቭራታ» ጾም ነውን? የአንድ የሳንስክሪት ቃል ታሪክ



ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ ስለ ሂንዱ ሃይማኖት ባቀረበው ጽሑፍ «ቭራታ» የሚለውን የሳንስክሪት ቃል ከዳር እስከ ዳር «ጾም» እያለ ተርጉሞት ነበር። አላረምሁትም፤ እኔም በማስተማሪያ ማስታወሻዬ እንዲሁ ብዬ ጽፌው ነበርና። የዛሬው ንግግሬ ያን ስሕተት ለማረም ነው።

ቃሉ በሪግቬዳ ከ200 ጊዜ በላይ ይገኛል። በዚያ ግን ቭራታ በአብዛኛው የአማልክት እንጂ የሰው አይደለም። ጨረቃ በሌሊት የምትመላለሰው በማይሻረው በቫሩና ቭራታ ነው፤ ውሃዎችም ለሳቪታር ቭራታ ይገዛሉ። እዚህ ላይ «ጾም» ብንል ንባቡ ትርጉም ያጣል፤ «ሥርዓት» ወይም «ትእዛዝ» ይቀርበዋል። ሆኖም በዚያው መጽሐፍ ስለ እንቁራሪቶች በተደረሰው መዝሙር፣ ዓመቱን ሙሉ ዝም ብለው ከርመው ዝናብ ሲመጣ የሚጮኹት እንቁራሪቶች ቭራታ ከሚጠብቁ ብራህማኖች ጋር ተነጻጽረዋል። ቃሉ ወደ ሰው መውረድ ጀምሯል ማለት ነው።

ምሁራን በሥርወ ቃሉ አልተስማሙም። ፓንዱራንግ ቫማን ካኔ «መረጠ» ከሚል ሥር ያወጡታል፤ ቪ. ኤም. አፕቴ ደግሞ «ዞረ» ከሚል። ሐንስ ፔተር ሽሚት እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት ጥናት ከአቬስታ ቋንቋ ጋር አነጻጽረው መሠረተ ትርጉሙ ስእለት ነው አሉ። ክርክሩ የሰዋስው ብቻ አይደለም። ቭራታ ከላይ የሚወርድ ትእዛዝ ነው ወይስ ሰው በፈቃዱ ራሱን የሚያስርበት ቃል? እኔ ወደ ሽሚት አዘነብላለሁ፤ አምላክም ቢሆን በራሱ ቃል የሚታሰር መሆኑን ቫሩና ያሳያልና።

በመሥዋዕት መጻሕፍት ዘመን ነገሩ ይበልጥ ያስደንቃል። ለሶማ መሥዋዕት የተቀደሰው ሰው የሚጠጣው ወተት ራሱ «ቭራታ» ይባላል። የተማሪዬን ትርጉም ብንከተል ሰውዬው ጾም ጠጣ ልንል ነው! የሻታፓታ ብራህማና መጀመሪያም በዚሁ ጉዳይ ክርክር ያቀርባል። አሻዳ የተባለው ሊቅ ቭራታ አለመብላት ነው ይላል፤ አማልክት በዋዜማው ወደ ቤት በእንግድነት ስለሚመጡ ከእንግዳ በፊት መብላት ነውር ነውና። ያጅናቫልክያ ግን መንገድ ያበጃል፤ ተበልቶ እንዳልተበላ የሚቆጠረውን፣ በዱር የበቀለውን ይብላ ይላል። ከመከልከሉ ይልቅ የእንግዳ ተቀባይነት ወግ እንደሚቀድም ልብ በሉ።

ፑራናዎች ሲመጡ ቭራታ በጨረቃ ቀን የሚቆጠር የቤት ሥርዓት ሆነ፤ ከሁሉ የታወቀው በአሥራ አንደኛው ቀን የሚጠበቀው ኤካዳሺ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የዴቫጊሪ ያዳቫ ነገሥታት ባለሟል የነበረው ሄማድሪ ከታላቅ ሥራው አንዱን ክፍል ለቭራታዎች ብቻ ሰጠ። የማኑ ሕግ ሴት ከባሏ የተለየ መሥዋዕትም ቭራታም ጾምም የላትም ብሎ ነበር። ፑራናዎቹ ግን ከቬዳ ትምህርት ለተከለከሉት ለሴቶችና ለሹድራዎች በሩን ከፈቱ፤ የሕግ ተንታኞችም የባል ፈቃድ ካለ ይቻላል በማለት ሁለቱን አስታረቁ። ፈቃዱ በየቤቱ ምን ያህል ይጠየቅ እንደነበር ሌላ ጉዳይ ነው።

ማህተማ ጋንዲ በግለ ታሪካቸው ስለ እናታቸው ስለ ፑትሊባይ የጻፉት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በአንድ ክረምት ፀሐይን ሳያዩ ላለመብላት ተሳሉ። ልጆቹ ሰማዩን ሲጠባበቁ ቆይተው ፀሐይ ብልጭ ስትል ሮጠው ይነግሯቸዋል፤ እርሳቸው እስኪወጡ ደመናው ይመለሳል። እግዚአብሔር ዛሬ እንድበላ አልፈቀደም ብለው በደስታ ወደ ሥራቸው ይመለሱ ነበር። ሳይበሉ መዋላቸው ጾም ነው፤ ቭራታው ግን የገቡት ቃል ነው።

ስለዚህ በማስታወሻዬ «ጾም» የሚለውን «ኡፓቫሳ» ለሚባለው ትቼዋለሁ፤ ቭራታን ግን እንዳለ ጽፌ፣ እንደ ዘመኑ «ሥርዓት» ወይም «ስእለት» እያልሁ እፈታዋለሁ። የተማሪዬንም ጽሑፍ በዚሁ መሠረት መልሼለታለሁ።