አሮጌው ሳይፈርስ

ስሙኝማ። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ፎቅ አስቡልኝ። የማን ቢሮ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ብዙ ቤት የሚደርስ ነገር ስለሆነ አንዱን ለይቼ አልጠራም። ቅዳሜ ማታ ነው። ሠራተኛው ወጥቶ የቀሩት አንዲት ወጣት የዳታቤዝ ባለሙያና የኔትወርኩ ጋሼ ብቻ ናቸው። ሥራቸው ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ ከ13 ወደ 16 ማሻገር ነው።

ፖስትግሬስ እንግዳ አይሁንባችሁ። ጤና ሚኒስቴር ከየጤና ተቋሙ ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የሚሠራው በእሱ ላይ ነው። በየዓመቱ አዲስ ቁጥር ይወጣለታል፤ አንዱ ቁጥር የሚጠገነው ግን 5 ዓመት ያህል ነው። የ13ም ዘመን ኅዳር 2018 ላይ አበቃ።

ልጅቷ በኡቡንቱ የሚሠራው ሰርቨር ላይ 16ን ጫነችና ዝርዝሩን አወጣች። ሁለቱም አሉ፤ 13 በ5432 ፖርት፣ 16 በ5433።

«አለቀ በይኛ!» አሉ ጋሼ።

«ኧረ ምኑ! ይኼኛው ባዶ ነው። መዝገቡ እንዳለ አሮጌው ውስጥ ነው ያለው።»

አዲስ መጫንና መሻገር ለየቅል ናቸው። እንጦጦን አስታውሱ። በ1879 ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባን ሲሰይሙ፣ የተራራው ከተማ በማግሥቱ ፈርሶ አላደረም። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉት እንኳ ጥቅምት 25 ቀን 1882 እዚያው ላይ፣ እንጦጦ ማርያም ነው።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። አስቀድማ፣ በ16ቱ ፒጂ ዳምፕ የመዝገቡን ቅጂ አውጥታ ሌላ ማሽን ላይ አኑራለች። በ16ቱ ማውጣቷ በምክንያት ነው፤ አዲሱ መሣሪያ አሮጌውን ያነባል፣ አሮጌው ግን አዲሱን አልነካም ይላል። አሁን የቀረው ማሻገሪያው ትእዛዝ ነው። እሱ ደግሞ ባዶም ቢሆን በዚያው ስም የቆመ 16 ካገኘ አይሠራም፤ ባዶው መጀመሪያ መጥፋት አለበት። እንግዲህ እጅ የሚንቀጠቀጠው እዚህ ላይ ነው። ማጥፊያው ትእዛዝ ላይ 16 ከተጻፈ የሚሄደው ባዶ ነገር ነው፤ 13 ከተጻፈ የዓመታት መዝገብ!

«ጮክ ብለሽ አንብቢው።»

«አሥራ ስድስት።»

«ድገሚው።»

«አሥራ ስድስት፣ ጋሼ!»

«በይ እንግዲህ።»

አጠፋች፤ ማሻገሪያውን ለቀቀችው። መሀል ላይ ቀጥ አለ። ለካ የካርታውን ሥራ የሚሠራው ፖስትጂአይኤስ ለ13 እንጂ ለ16 አልተጫነም። ጭና እንደገና አስነሳችው።

«ቶሎ የሚያልቅበት መንገድ የለም?» አሉ ጋሼ መብራት እንዳይጠፋ እየሰጉ።

አለ። ፋይሉን ሳይገለብጡ ሁለቱን በአንድ ፋይል ላይ ማገናኘት ይቻላል። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አዲሱ አንዴ ከተነሣ አሮጌው ከእንግዲህ አይታመንም። ዲስክ ካልጠበበ በቀር እኔም አልመክረውም፤ እሷም እምቢ አለች።

ሲያልቅ 16 የ5432ን ፖርት ወረሰ፤ 13 ወደ 5433 ተዛውሮ ቆመ፣ ካላስነሡት አይነሣም። እሑድን የሁለቱን ሰንጠረዦች ቁጥር ስታመሳክር ዋለች። መመለስ ካስፈለገ ጊዜው እሑድ ነበርና፤ ሰኞ ተገልጋይ ከተመዘገበ በኋላ ወደ 13 መመለስ የሰኞን መዝገብ መጣል ነው።

ሰኞ ረፋድ ላይ ጋሼ ብቅ አሉ። «ያ አሮጌ ቦታ ይዟል፤ አናጠፋውም?»

«የወሩ ሪፖርት ይዘጋ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እርስዎ ቁጥሩን ያነቡልኛል።»