ርስት አልባው ባለሙያ

የእጅ ሥራ በአገራችን የተናቀው ሥራው ራሱ ስለሚያዋርድ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ታሪኩ ግን ሌላ ያሳያል። በሰሜኑ ደጋ የክብር ምንጭ ርስት ነበር፤ ርስት ያለው ያርሳል፣ የተነፈገው በእጁ ያድራል። በጎንደር አካባቢ የቤተ እስራኤል ወንዶች ቀጥቃጭ፣ ሴቶች ሸክላ ሠሪ ከሆኑባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ ማረሻውን የሠራለትን ሰው ግን ቡዳ ነው እያለ ይሸሸው ነበር። በእርግጥ ለንቀቱ ሃይማኖትም ድርሻ ነበረው። ሆኖም የሃይማኖት ልዩነቱ ራሱ ሰውን ከርስት የሚያርቅ አጥር ስለነበር ሁለቱ አይነጣጠሉም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ የሰደበን ሊያስቀጣ ይችል ነበር፤ የመሬት ሥሪቱን ግን አልነካም። ስለዚህ ቀጥቃጩ በሕግ ቢከበርም ርስት አልባ ሆኖ ቀረ፤ የመሬት ይዞታውን ሕግ ከሥሩ የለወጠው የ1967ቱ አዋጅ ነው። እዚህ ላይ፣ «ከጣሊያን ወረራ ማግስት ስለተቋቋመው ተግባረ ዕድ፣ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ስለተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ምን ይባላል? ያኔ ርስቱ ሳይነካ ሙያ ተከብሮ የለምን?» የሚል ሊነሳ ይችላል። መልሱ ክርክሬን ያጠናክራል፤ ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች የወጣ ወጣት የከተማ ደመወዝ ያገኝ ስለነበር በርስት ፋንታ ሌላ መተማመኛ ነበረው። ክብሩም ገቢውን ተከትሎ መጣ።

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ሥራ ላይ ሲውል ግን የአሥረኛ ክፍል ፈተና ለዓመታት መለያ ሆኖ ቆየ፤ ከፍተኛ ውጤት ያመጣው ወደ መሰናዶ፣ ያነሰው ወደ ቴክኒክና ሙያ። ውጤት ዘር አይለይም፣ ፍትሐዊ ነው ይባል ይሆናል። ነገር ግን ከብት እየጠበቀችና ውኃ እየቀዳች የተማረች ልጅ ከአስጠኚ ካላት የከተማ ልጅ ጋር እኩል አልተዘጋጀችም። ሙያ የተሸናፊ ዕጣ ሲመስል፣ የድሃው ልጅ ሳይመርጠው ይገባበታል። ከገባም በኋላ የቤት ኪራይና ቀለብ ይፈትኑታል፤ ሲመረቅ ደግሞ የብየዳ ማሽን ወይም የሥራ ቦታ ይፈለጋል። ያው የምስክር ወረቀት የነጋዴውን ልጅ የወርክሾፕ ባለቤት ሲያደርገው የገበሬውን ልጅ ቀን ሠራተኛ አድርጎ ሊያስቀረው ይችላል። ድህነት ወደ ሙያ ይገፋል፤ በሙያ ለመበልጸግ ግን መነሻ ሀብት ያስፈልጋል። ስለ ሙያ ክቡርነት መስበክ የ1900ውን አዋጅ መድገም ነው፤ የሚለውጠው ለምሩቁ መሣሪያ፣ ብድርና መሥሪያ ቦታ ማድረስ ነው።