ከአባ ዳኘው እስከ ጋሪው፦ ፈረሳችን ስሙን የት ጣለው?

የዛሬው ጽሑፍ ይረዝማል፤ ቡና አስቀርባችሁ አንብቡት።

በየዓመቱ ኦክቶበር ሲመጣ እኛ የኮሎምበስ ታክሲ ነጂዎች ከኤርፖርት የምንጭነው ሰው ይለወጣል። ባርኔጣ፣ ቦት ጫማ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል የቀበቶ ዘለበት። የሚያመጣቸው እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረው «ኳርተር ሆርስ ኮንግረስ» የሚባለው ትልቅ የፈረስ ትርኢት ነው። መንገዱ ሲረዝም ወሬው ሁሉ ፈረስ ይሆናል። እኔም የፈረስ አገር ሰው ነኝና ዝም አልልም።

ከደብሊን ትንሽ ወጣ ስትሉ፣ አምስትም አሥርም ኤከር መሬት ይዘው ሁለት ሦስት ፈረስ የሚያኖሩ ሰዎች ታገኛላችሁ። ከእነሱ ብዙዎቹ «ተፈጥሯዊ የፈረስ አያያዝ» የሚሉት መንገድ አላቸው። ፈረሱን ቀኑን ሙሉ ጋጣ አይዘጉበትም፤ ከብጤዎቹ ጋር ይለቁታል። እህል ቀንሰው ድርቆሽ ሲቆረጥም እንዲውል ያደርጉታል። የብረት ጫማውን አውልቀው በባዶ ሰኮናው እንዲሄድ ይተዉታል። ጄሚ ጃክሰን የሚባል የሰኮና ባለሙያ ከ1982 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. በምዕራብ አሜሪካ የዱር ፈረሶችን ሰኮና ሲመረምር ቆይቶ በ1992 መጽሐፍ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየተስፋፋ መጣ፤ ዛሬ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚማረው ሙያ ሆኗል።

መጀመሪያ ስሰማ ሳቄ መጣ። የእኛ ፈረስ ደግሞ መቼ ጫማ ያውቅና! ቆይቼ ሳስበው ግን የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም። እነዚህ ሰዎች በብዙ ድካም የሚመለሱበትን ነገር እኛ በእጃችን ይዘነው ነበር። የት ጣልነው? የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው።

ጌታ በፈረሱ ስም ሲጠራ

በታሪካችን ትልቅ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው። ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። እስቲ ልብ በሉ፦ ሰውየው ለፈረሱ ስሙን አላወረሰም፤ ፈረሱ ነው ለሰውየው ስም የሰጠው። ሲፎከርም ሲወደስም የሚነሳው ይኸው ስም ነው።

የራስ መኮንን ፈረስ ቃኘው ይባል ነበር። በ1951 እ.ኤ.አ. ወደ ኮሪያ የዘመተው የክብር ዘበኛ ጦራችን ቃኘው ሻለቃ ተባለ። አሜሪካኖች አስመራ ላይ የነበራቸው የመገናኛ ጣቢያም እስከተዘጋበት እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ቃኘው ስቴሽን ሲባል ኖረ። ስንት የኦሃዮ ልጅ ወታደር ሆኖ እዚያ አገልግሎ ይሆን፣ አድራሻው የአንድ የሐረር ጌታ ፈረስ ስም መሆኑን ሳያውቅ!

የቤተ መንግሥቱ ፈረሶች ኃላፊ ደግሞ ባልደራስ ይባል ነበር፤ ማዕረግ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ባልደራስ ብትሉ ሰው የሚያስታውሰው ኮንዶሚኒየሙን ወይም ፖለቲካውን ነው። ፈረስ ብትሉ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ታክሲ ይጠራላችኋል፤ «ፈረስ» የታክሲ መጥሪያ ድርጅት ስም ሆኗልና። ስሙ አለ፤ እንስሳው ግን ከስሙ ወጥቷል።

ለመንገድ በቅሎ፣ ለጦር ፈረስ

ክብሩ በስም ብቻ አልነበረም። የድሮ ጦረኛ ወደ ዘመቻ ሲሄድ መንገዱን የሚጓዘው በበቅሎ ነው። ፈረሱ ያለ ጭነት ከኋላ በአሽከር እየተሳበ ይከተላል። ኮርቻው የሚወጣበት የጦርነቱ ሰዓት ሲደርስ ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንላለን። እንዲያደርስ ግን አስቀድሞ ማረፍ ነበረበት፤ አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር።

ሰኮናው ብረት አያውቅም። በድንጋያማው ደጋ ላይ ተወልዶ፣ ድንጋዩን እየረገጠ አድጎ፣ ሰኮናው ራሱ ድንጋይ ይሆናል። ጋላቢውም ባዶ እግሩን ነው፤ እርካቡ የእግር አውራ ጣት ብቻ የምታስገባ ቀለበት ነበረች። ፈረሱም ሰውየውም አንድ ዓይነት ጫማ ነበራቸው ማለት ነው።

ኑሮውም ደጋ ነው። ሜዳ ላይ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ማታ ገብስና ጭድ ይጨመርለታል። ቆላው ለፈረስ አይመችም። በትንንሽ ነፍሳት ንክሻ የሚተላለፈው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚበረታው ሞቃትና እርጥብ ቦታ ላይ ነው። የናፒየር ጦር በ1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስን ፍለጋ ሲመጣ ገና ዙላ ወደብ ላይ እያለ ውሃ ማጣትና በሽታ ብዙ እንስሳ ፈጅቶበታል።

እውነቱን እንነጋገር ካልን ግን የድሮው ሁሉ ጥሩ አልነበረም። የአገራችን ልጓም ጨካኝ ነው፤ አገጭ ሥር በሚዞረው ቀለበቱ ስንት ፈረስ አፉ ቆስሏል። ያበጠን እግር በጋለ ብረት መተኮስም መድኃኒት ተብሎ እስከ ዛሬ አለ፤ በቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው። የድሮውን የማነሳው ለናፍቆት አይደለም። ከውስጡ ሦስት ነገር ስለምፈልግ ነው፦ ፈረሱ ዕረፍት ነበረው፣ ሜዳ ነበረው፣ ስም ነበረው።

እነዚህ ሦስቱ አሁንም ያሉበት ቦታ አለ። ጥር 23 አዊ ዞን እንጅባራ ሂዱ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ቀኑ የጊዮርጊስ ነው፤ ዓድዋም የካቲት 23 በጊዮርጊስ ቀን ነበር። ፈረሱ ግላስ ለብሶ፣ ተሸልሞ፣ ሜዳውን በሽምጥ ሲያቋርጥ ያያችሁ ሰዎች የምለው ይገባችኋል። እዚያ ፈረስ የቤተሰብ ኩራት ነው።

አስፋልት

አሁን ወደ ሞጆ፣ ወደ ደብረ ዘይት፣ ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ ጎንደር እንውረድ። እዚያ ያደግን ሁላችን ጋሪ ተሳፍረናል። ት/ቤት፣ ገበያ፣ ሐኪም ቤት ያደረሰን ጋሪ ነው። የዚያ ፈረስ ስም ማን ነበር? ቢበዛ ዳማው፣ ቦራው ይባላል። «አባ» የሚለው ነገር አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ቀርቷል።

ዕረፍቱም አብሮ ቀርቷል። የደጋው ፈረስ ሞቃት ከተማ ወርዶ ከንጋት እስከ ማታ አስፋልት ላይ ይሮጣል። በባዶ ሰኮና መሄድ ተፈጥሯዊ ነው ብንልም፣ ጭነት ይዞ አስፋልት ላይ መዋል ተፈጥሮ አይደለም፤ ሰኮናው ከሚያድገው በላይ ይፋቃል። ማሰሪያው ገላውን ይልጠዋል፤ ገጣባ ይወጣል። ገጣባው ላይ ዝንብ ያርፋል። በዚያች ቁስል ደግሞ የቆዳ ሥርን ተከትሎ እንደ ዶቃ እየተደረደረ የሚያብጥና የሚፈነዳ የፈንገስ በሽታ ይገባል። ፕሮፌሰር ጎበና አመኒ በ28 ከተሞች 19 ሺህ ያህል የጋሪ ፈረሶችን መርምረው በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከአምስት ፈረስ አንዱ ገደማ ይህ በሽታ ነበረበት። ሞጆን በመሰሉ ሞቃት ከተሞች ይብሳል፤ ብርዳማው ደጋ ላይ ከናካቴው ያልተገኘበት ቦታ አለ። ፈረሱ በሽታውን ያገኘው እኛ ካመጣነው ቦታ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ባጃጅ መጣ። ጋሪው ከዋናው መንገድ ተባረረ። ያረጀና የታመመው ፈረስ ይፈታና ይለቀቃል። የአገር ቤት መንገድ ያየ ሰው ያውቀዋል፦ አስፋልቱ መሀል ቆሞ የማይንቀሳቀስ፣ አጥንቱ የሚቆጠር ፈረስ። ምናልባት የመኪናው ንፋስ ዝንቡን ስለሚያርቅለት ይሆናል እዚያ የሚቆመው።

ጋሪ ነጂውን አትስደቡብኝ። የሥራ ባልደረባዬ ነው። የዕለት ሒሳብ ምን ማለት እንደሆነ ታክሲ የነዳ ሁሉ ያውቃል። ፈረሱ የሌላ ሰው ሲሆን፣ ማታ ለባለቤቱ የሚገባ ገንዘብ ሲኖር፣ «ዛሬ ይረፍ» ማለት እራት መተው ነው። የእኔ መኪና ዘይት ካልተቀየረላት መብራት ታበራለች። ፈረስ መብራት የለውም፤ ዝም ብሎ ይሄዳል።

የኦሃዮ ጋሪ

አሜሪካም ቢሆን ያው ታሪክ አላት። በ1915 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከ20 ሚሊዮን የሚበልጥ ፈረስና በቅሎ ነበራት፤ ትራክተርና መኪና መጥተው በ1960 ወደ 3 ሚሊዮን ወረደ። ከደብሊን የግማሽ ሰዓት መንገድ ያህል ርቃ ዴላዌር የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየሴፕቴምበሩ «ሊትል ብራውን ጀግ» የሚባል ታዋቂ ውድድር ይካሄዳል። ፈረሱ ባለ ሁለት ጎማ ይጎትታል፤ ነጂው ላዩ ላይ ተቀምጧል። በእኛ ቋንቋ ጋሪ ነው!

የዚህ ዘር ፈረስ ውድድሩን ሲጨርስ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ለአሚሾች ነው፤ የእነሱን ሠረገላ አስፋልት ላይ ይጎትታል። ከዚያስ? ዕድል የቀናው አንድ ትንሽ መሬት ያለው ሰው ይወስደዋል። ያልቀናው ጨረታ ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ የነበሩት የፈረስ ቄራዎች በ2007 እ.ኤ.አ. ቢዘጉም፣ ወደ ካናዳና ወደ ሜክሲኮ የሚጭነው መኪና አልቆመም። እዚህም ቅዱስ የለም።

ዕድል የቀናው እንዴት እንደሚያገግም ግን ስሙኝ፤ ለእኛ የሚጠቅመው ይህ ነው።

በርሃብ የከሳ ፈረስ ሲመጣ እህል ዘርግፎ መስጠት ሊገድለው ይችላል። ሁዳዴን 55 ቀን ጾሞ በፋሲካ ለሊት ጥሬ ሥጋ ላይ የወደቀ ሰው ሆዱ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የፈረሱ ከዚያ ይብሳል፦ እህሉ በደሙ ውስጥ ያለውን ማዕድን በድንገት ያዛባና ልቡ ሊቆም ይችላል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የተደረገ ጥናት ያሳየው ጥሩው መንገድ የአልፋልፋ ድርቆሽ በጥቂት በጥቂቱ፣ በየአራት ሰዓቱ ሰጥቶ፣ በአሥር ቀን ውስጥ እያሳደጉ መሄድ ነው። አልፋልፋ አገር ቤትም ይበቅላል።

የፈረስ ጨጓራ ከገላው አንጻር ትንሽ ናት፤ አሲዱ ደግሞ ቢበላም ባይበላም ያለማቋረጥ ይፈልቃል። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ፣ ግን ሁልጊዜ መብላት አለበት። ጠዋትና ማታ ብቻ የሚበላ ፈረስ ጨጓራው ይቆስላል። ጥርሱም ይታያል፤ የተሳለ ጥርስ ጉንጩን እየቆረጠው እህል ፊቱ ቀርቦ የሚራብ ፈረስ አለ።

ሰኮና ከላይ እስከ ታች ተተክቶ ለማለቅ ከዘጠኝ ወር እስከ ዓመት ይወስዳል። ማንም ባለሙያ ይህን አያፋጥነውም፤ የሚቻለው በየጥቂት ሳምንቱ ማስተካከልና መጠበቅ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ጓደኛ ያስፈልገዋል። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው፤ የሚጠብቅለት ሌላ ፈረስ አጠገቡ ከሌለ ጋደም ብሎ በደንብ አይተኛም።

«ተፈጥሯዊ» ሲባልም ሐኪም አይቅረበው ማለት አይደለም። ክትባቱም፣ የትል መድኃኒቱም አለ። ያ የፈንገስ በሽታም በጊዜ ሲያዝ የአዮዲን ሕክምና ይሞከራል፤ ሲቆይ ነው የማይመለሰው።

ተመልከቱ እንግዲህ፦ ዕረፍት፣ ሜዳ፣ መንጋ፣ ሣር፣ ባዶ ሰኮና። ሐኪሙን ስታወጡት የቀረው ምንድን ነው? የአባ ዳኘው ዘመን የደጋ ፈረስ ኑሮ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ኢትዮጵያ ዛሬም ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ አላት። ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ስፓና፣ ብሩክ፣ ዶንኪ ሳንክቹሪ የመሳሰሉ ከውጭ የመጡ ድርጅቶችም በዚህ ሥራ ለዓመታት አገራችን ውስጥ ደክመዋል። እንግሊዞች ለጋሪ ፈረሳችን ገንዘብ ሲያዋጡ እኛ የት ነበርን?

በየከተማችን ስም የመረዳጃ ማኅበር አለን፤ እቁብ አለን። አንድ የጋሪ ማቆሚያ ላይ የውሃ ገንዳና ጥላ ማሠራት ከአንድ የሠርግ አዳራሽ ኪራይ አይበልጥም። የማሰሪያ ሥር ልባስ ለማሠራት ያረጀ ብርድ ልብስና የአገር ቤት ኮርቻ ሠሪ ይበቃል፤ ገጣባው የሚጀምረው እዚያ ነው። በወር አንድ ቀን የእንስሳት ሐኪም ማቆሚያው ድረስ እንዲመጣ ማድረግም ይቻላል። ከሁሉ የምወደው ሐሳብ ግን ይህ ነው፦ ጋሪ ነጂዎቹ ራሳቸው በየሳምንቱ ጥቂት የሚጥሉበት፣ እኛም የምንደግፈው የፈረስ ጡረታ እቁብ። ፈረሱ ሲደክም አስፋልት ላይ ከሚለቀቅ፣ ሣር ላለው የደጋ ገበሬ ወጪው ተከፍሎለት ይመለስ። ነጂውም ሌላ ፈረስ መግዣ ያግኝ፤ ካላገኘ አሮጌውን አይፈታም።

ፈረሱም ያው፣ ሜዳውም ያው።

አሁን የእናንተ ተራ ነው። ያደጋችሁበትን ከተማና የምታስታውሱትን የጋሪ ፈረስ ስም ከታች ጻፉልኝ። ስም ያልነበረው ከሆነም ቀለሙን ጻፉ። አንድ ከተማ ላይ አሥር ሰው ከተገኘ፣ ገንዳውን ከዚያ እንጀምራለን። ኤርፖርት ወረፋ ላይ ነኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።

ሰላም ዋሉ።