ተራራውን ማን ለካው?

የኤቨረስትን ቁመት ሁላችንም በቃላችን እንወጣዋለን፤ ትምህርት ቤት አስጠንተውናል። ማን ለካው? ቢሉን ግን ዝም ነው። ገመድ ይዞ ጫፉ ላይ የወጣ ሰው አልነበረም። ታዲያ እንዴት ታወቀ? (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ዊልያም ላምተን በ1802 ማድራስ አጠገብ ከጀመረው ታላቁ የሕንድ ቅየሳ ነው። ዘዴው በአጭሩ ይህ ነው፦ ሜዳ ላይ አንድ መስመር በጥንቃቄ ይለካል። ከመስመሩ ሁለት ጫፎች ወደ ሩቁ ነገር ሲታይ የሚገኙት ማዕዘኖች ርቀቱን ይሰጣሉ። ርቀቱ ከታወቀ በኋላ ቴዎዶላይቱን ሽቅብ አቅንቶ ጫፉ ከአግድሙ ስንት ዲግሪ ከፍ እንዳለ ማንበብ ነው። የቀረው ሂሳብ ነው።

ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ኔፓል በሯን ዘግታ ስለነበር ቀያሾቹ በ1849 እና በ1850 «ጫፍ 15» ይሉት የነበረውን ተራራ ያዩት የሕንድ ሜዳ ላይ ቆመው፣ ከ6 ጣቢያዎች፣ ከ170 ኪሎሜትር በላይ ርቀው ነው። ከዚያ ርቀት የምድር ክብነት ብቻውን ተራራውን ከ2 ኪሎሜትር በላይ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። አየሩ ደግሞ ብርሃኑን ስለሚያጎብጠው ጫፉ ካለበት ከፍ ብሎ ይታያል። ስለዚህ አንዱን መደመር፣ ሌላውን መቀነስ ያስፈልጋል። በአየሩ ላይ ትንሽ ከተሳሳቱ ተራራው በብዙ ሜትር ይረዝማል፣ ወይም ያጥራል።

ይህን የሚያሰላ ሠራተኛ በዚያን ዘመን «ኮምፒዩተር» ይባል ነበር፤ መሣሪያ አይደለም፣ ሰው ነው! ከነሱም አንዱ የካልካታው ራድሃናት ሲክዳር ነበር። በ1831 ሥራ ሲገባ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ ከኛ ያንሳል ማለት ነው። በ1843 አንድ እንግሊዛዊ ዳኛ የቅየሳውን ሠራተኞች በግድ ሲያሠራ ስለተቃወመ 200 ሩፒ ተቀጣ። በ1849 የአስሊዎች አለቃ ሆነ። በ1852 «ጫፍ 15» ከሁሉ እንደሚበልጥ ከሂሳቡ ወጣ።

በ1856 የቅየሳው ኃላፊ አንድሩ ዎ ቁመቱን 29,002 ጫማ፣ ማለትም 8,840 ሜትር ገደማ ብሎ አስታወቀ። ስሙን ግን የሰጠው በ1843 ሥራውን ለለቀቀው ለቀድሞ አለቃው ለጆርጅ ኤቨረስት ነው። ኔፓልና ቻይና በ2020 ያስታወቁት ቁመት 8,848.86 ሜትር ነው። ከዚያ ሁሉ ርቀት በእጅ ተሰልቶ ስሕተቱ 9 ሜትር ገደማ ብቻ መሆኑ ያስደንቃል።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን። ሲክዳር በ1870 ሞተ። በ1851 የታተመው የቅየሳው መመሪያ መጽሐፍ በስሙ አመስግኖት ነበር፤ በ1875 እንደገና ሲታተም ግን ስሙ ወጣ።

ሥራው የሲክዳር ብቻ ነበር አንልም። መሣሪያውን የተሸከሙ፣ ሜዳው ላይ ቆመው ማዕዘኑን ያነበቡ፣ ቁጥሩን የደመሩና የቀነሱ ብዙ ናቸው። የምንለው ይህን ነው፦ የአስጠኑንን ቁጥር ስንደግም ከጀርባው ማን እንዳለም እንጠይቅ። ስሕተቱ 9 ሜትር የሆነው ቁጥር በኋላ ታርሟል፤ ከመጽሐፍ የተፋቀን ስም ማረም ደግሞ የኛ የታሪክ ተማሪዎች ሥራ ነው።