እርዳታ የተባለው ብድር

በአሜሪካ ለትርፍ የሚሠሩ ኮሌጆች በአብዛኛው ያደጉት በመንግሥት ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 መንግሥት ከጦርነት የሚመለሱ ወታደሮችን የትምህርት ወጪ ለመሸፈን ሕግ ሲያወጣ፣ ያንን ገንዘብ ፍለጋ የግል ማሠልጠኛዎች እንደ አሸን ፈሉ። የ1972ቱ ሕግ ደግሞ የፌዴራል የተማሪዎች እርዳታን በሰፊው ከፈተላቸው። በ1992 ኮንግረስ ልጓም አበጀ፤ ከዚህ እርዳታ የሚያገኙት ገቢ ከ85 በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገ። በ1998 ግን ጣሪያውን ወደ 90 ከፍ አደረገው።

ችግሩ ያለው «እርዳታ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። የማይመለስ ድጎማም፣ ከነወለዱ የሚመለስ ብድርም በአንድ ስም ይጠራሉ። ኮሌጁ ሁለቱንም ከክፍያው ቀንሶ «ከኪስህ የምታወጣው ይህችን ብቻ ነው» ሲል ዋጋው የረከሰ ይመስላል፤ ብድሩ ግን ከተማሪው ጫንቃ አልወረደም።

ኮሪንቲያን ኮሌጆች በ2015 ሲዘጋ ተማሪዎቹ ከነዕዳቸው ቀሩ። በ2022 መንግሥት የ560,000 ተበዳሪዎችን 5.8 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ሰረዘ። ሸክሙ ወደ ግብር ከፋዩ ዞረ።

አሜሪካ ሆናችሁ ልጅ ኮሌጅ የምታስገቡ፣ ከዓመቱ ሙሉ ወጪ ላይ የማይመለሰውን ድጎማ ብቻ ቀንሱ። እውነተኛው ዋጋ የቀረው ነው። የመንግሥቱን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅም በዚሁ ስሌት አስሉና አወዳድሩ። ፊርማው ከዚያ በኋላ ይድረስ።