ህመሙ ጠፋ ማለት ጉልበቱ ዳነ ማለት ነው?

#ጤና #ስፖርት

ዛሬ ስለ ጉልበት እናወራለን። በተለይ ቅዳሜና እሁድ ከሜዳ የማትጠፉ ልጆች፣ ይቺን እስከ መጨረሻው አንብቧት።

ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጁ ኳስ ይዞ ሲታጠፍ እግሩ መሬት ላይ ይቀራል፣ ጉልበቱ ይዞራል፣ "ቋ" የሚል ድምፅ ይሰማል። በሰዓታት ውስጥ ያብጣል። ወጌሻ ጋ ሄዶ ይታሻል፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ያነክሳል፣ ከዚያ እብጠቱ ይጎድላል፣ ህመሙም ይጠፋል። "ተሻለኝ" ብሎ ሜዳ ይመለሳል። አንድ ቀን ዞር ሲል ጉልበቱ ድንገት ይከዳዋል። የአሁኑ ጉዳት ደግሞ ከመጀመሪያው ሊብስ ይችላል።

ለመሆኑ "ዳነ" የሚባለው መቼ ነው? ማንስ ነው የሚወስነው? ተመራማሪዎች ይህን ጥያቄ ለዓመታት ሲለኩት ቆይተዋል። ያገኙትን እንያው።

🔹 ምንድን ነው የተበጠሰው?

በጉልበታችን መሃል የጭን አጥንትንና የቅልጥም አጥንትን የሚያያይዙ ሁለት ጅማቶች አሉ። ተሻግረው መስቀል ስለሚሠሩ መስቀለኛ ጅማት ይባላሉ። በኳስ ዜና ላይ "ኤሲኤል" ሲባል የምንሰማው የፊተኛው ነው። ሥራው ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይንሸራተት፣ ስንዞርም ጉልበታችን እንዳይከዳን መያዝ ነው።

ቀጥ ብሎ ለመራመድ ግን ያን ያህል አይፈለግም። ችግሩም እዚህ ጋ ነው። ጅማቱ ተበጥሶም ሰው መንገድ ሊሄድ፣ ደረጃ ሊወጣ፣ ቀስ ብሎ ሊሮጥ ይችላል። አለማመሙ ጅማቱ ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

🔹 አንድ ሕክምና መሥራቱ በምን ይታወቃል?

"እኔ እንዲህ አድርጌ ነው የዳንኩት" የሚል ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ነገር ግን ብዙ ጉዳት በጊዜ ብዛት በራሱ ይሻላል። ያዳነው ሕክምናው ይሁን ጊዜው ለመለየት ተመራማሪዎች ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ይከፍላሉ። ዕጣ የሚሆንበት ምክንያት ሐኪሙ ጠንከር ጠንከር ያሉትን ለአንዱ ወገን እንዳይመርጥ ነው።

አንዳንዴ ከዚህም ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ የፊንላንድ ጥናት 146 ሰዎችን ይዞ ነበር። ሰዎቹ በጉልበት መሃል እንደ ትራስ የሚያገለግለው ሜኒስከስ በዕድሜ ብዛት ተሰንጥቆ የሚያማቸው ናቸው። አንደኛው ቡድን የተሰነጠቀው ክፍል በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ ወጣለት። ሌላኛው ቡድን ደግሞ ጉልበቱ ተበስቶ በካሜራ ታየና ምንም ሳይቆረጥ ተዘጋ። ሁሉም ፈቅደው የገቡ ናቸው፣ ግን የትኛው እንደደረሳቸው አያውቁም።

ከ1 ዓመት በኋላስ? ሁለቱም ቡድኖች ተሽሏቸዋል። በመካከላቸው ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ልብ በሉ፣ ይህ በኳስ ሜዳ ለተቀደደ የወጣት ሜኒስከስ መልስ አይሆንም። የሚያሳየን "ታክሜ ተሻለኝ" ማለት ብቻውን ማስረጃ እንዳልሆነ ነው።

🔹 ኤሲኤል ሲበጠስ የግድ ቀዶ ሕክምና?

በስዊድን ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉ 121 ንቁ ወጣቶች በዕጣ ተከፈሉ። 62ቱ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ፊዚዮቴራፒ ቀጠሉ። 59ኙ በፊዚዮቴራፒ ጀመሩ፣ ካስፈለገ ቆይተው ቀዶ ሕክምና ማግኘት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ውጤት መሠረት ከ2 ዓመት በኋላ ሁለቱ ቡድኖች ስለ ጉልበታቸው የሰጡት ነጥብ ተመሳሳይ ነበር። ከ59ኙ መካከል ግን 23ቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቀዶ ሕክምናውን አድርገዋል።

ይህን አንብባችሁ "አሃ፣ ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም ማለት ነው" እንዳትሉ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 316 ሰዎችን ወሰደ። እነዚህ ጉዳቱ ቆየት ያለባቸውና ጉልበታቸው የሚከዳቸው ናቸው። በነሱ ላይ ቀዶ ሕክምናው ተሻለ፤ ከ18 ወር በኋላ ከ100 በአማካይ 73 ነጥብ ሲያገኙ፣ በፊዚዮቴራፒ የጀመሩት 65 ገደማ አገኙ።

ሁለቱ ጥናቶች የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ አልተጣሉም። የታዩት ሰዎች የተለያዩ ናቸው። አዲስ ጉዳት ያለበት ሰውና ለወራት ጉልበቱ ሲከዳው የቆየ ሰው አንድ ዓይነት መልስ አይጠብቁም። ጓደኛችሁ የተደረገለት ሁሉ ለናንተ ይሆናል ማለት አይደለም።

🔹 ነጥቡ ከየት ይመጣል?

ከራሱ ከታካሚው ነው። በሁለቱ የኤሲኤል ጥናቶች ያገለገለው "ኩስ" የሚባል 42 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ነው። ስለ ህመም፣ ስለ እብጠትና መጨመድ፣ ስለ ዕለት ተዕለት ሥራ፣ ስለ ስፖርት፣ በጉልበት ምክንያት ስለተለወጠ ኑሮ ይጠይቃል። ቁጢጥ ማለት፣ መንበርከክ፣ መዝለል፣ መዞር ምን ያህል እንደሚያስቸግርም ይጠይቃል። 0 ማለት በጣም ከባድ ችግር፣ 100 ማለት ምንም ችግር የለም ማለት ነው።

ኤምአርአይ ያለውን ሊያሳይ ይችላል። ነገር ግን ሰውየው መስገድ ይችል እንደሆነ፣ ቁጢጥ ብሎ ይነሳ እንደሆነ፣ ጉልበቱን ያምነው እንደሆነ ፎቶ አይነግረንም።

ለስፖርተኛ ሌሎች ሁለት መለኪያዎች ይጨመራሉ፦

👉 የፊት ጭን ጡንቻ ጥንካሬ፦ የተጎዳው እግር ከደህናው ጋር ይወዳደራል።
👉 በአንድ እግር መዝለል፦ በደህናው 150 ሴንቲ ሜትር የዘለለ ሰው በተጎዳው 120 ቢዘል 80 በመቶ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው 90 በመቶ ነው፣ በዚህ ሰው ልክ 135 ሴንቲ ሜትር።

አንድ ወጥመድ አለ። ለወራት የተቀመጠ ሰው ደህናው እግሩም ይደክማል። ሁለት ደካማ እግሮች እኩል ስለሆኑ ብቻ "አለፈ" ሊባል ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን የሚያነበው ባለሙያ መሆን አለበት። ዝላዩንም ቤት ውስጥ በራሳችሁ እንዳትሞክሩት፣ የሕክምናው መጨረሻ ላይ የሚደረግ ነው።

🔹 ለምን 9 ወር?

የኖርዌይና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 106 ሰዎች ለ2 ዓመት ተከታተሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ። እስከ 9ኛው ወር ድረስ ወደ ስፖርት መመለስን በ1 ወር ባዘገዩ ቁጥር፣ ጉልበት እንደገና የመጎዳት መጠኑ በ51 በመቶ ይቀንስ ነበር። ፈተናዎቹን ሳያልፉ መዞርና መዝለል ወደሚበዛባቸው ስፖርቶች ከተመለሱት 38 በመቶዎቹ ጉልበታቸውን እንደገና ተጎዱ። ካለፉት ግን 6 በመቶ ገደማ ብቻ።

እውነቱን ለመናገር ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ሰዎቹም በዕጣ አልተከፈሉም። ቢሆንም መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ጊዜም ፈተናም ያስፈልጋል።

የሊቨርፑሉን ቨርጂል ቫን ዳይክ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2020 ከኤቨርተን ጋር ሲጫወት ተጎዳ። ሐኪሙም ፊዚዮቴራፒስቱም ጂሙም አጠገቡ እያለ ሜዳ የታየው ሐምሌ 2021፣ ያውም በወዳጅነት ጨዋታ ነው። እኛ በ1 ወር የምንመለሰው በምን ሒሳብ ነው?

🔹 እኛስ ምን እናድርግ?

ፊዚዮቴራፒ እንደ ልብ የማይገኝበት ቦታ ብዙ እንደሆነ እናውቃለን። ወጌሻም ቅርብ ነው፣ የምናምነውም ሰው ነው። ግን እነዚህን ያዙ፦

✅ ጉልበት በሰዓታት ውስጥ ካበጠ፣ መርገጥ ካቃተ፣ አልዘረጋ ካለ ወይም ደጋግሞ ከከዳ፣ መታሸቱን ትታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።
✅ እግር በቀርከሃም ሆነ በፋሻ ታስሮ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ፣ ማሰሪያው አሁኑኑ ይላላ፣ በሽተኛውም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ደም ሳይደርሰው ቆይቶ የተቆረጠ እግር በአገራችን ሐኪሞች ተደጋግሞ ተመዝግቧል።
✅ ሐኪሙን ጠይቁ፦ "የጭኔ ጥንካሬ ከሌላው እግሬ ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው?" "ለመመለስ ምን ምን ማለፍ አለብኝ?"
✅ ፊዚዮቴራፒውን ህመሙ ሲጠፋ አታቋርጡ። የጥንካሬው ሥራ ብዙውን ጊዜ ገና የሚጀምረው ያኔ ነው።

ቡድናችሁ ውስጥ "ተሻለኝ፣ እሁድ እገባለሁ" የሚል ልጅ አለ አይደል? ይቺን ላኩለት። አንድ እሁድ ቢቀርበት ይሻላል።