ከረሜላውን ያልወሰዱ ሕፃናት



ስለ ሠፈር ወጣቶች መሰብሰቢያ ቤት ሲነገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ሕንፃው ስፋት፣ ስለ ኳሱና ስለ መጻሕፍቱ ቍጥር ነው። እኔ ግን ዛሬ በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ ስለ ነበረው፣ «ሀል ሃውስ» ስለ ተባለው ቤት ለመናገር የፈለግሁት፣ በዚያ ቤት ከሁሉ አስቀድመው የተማሩት አስተማሪዎቹ ራሳቸው ስለ ሆኑ ነው። ዘመኑን የምቈጥረው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ሐሳቡ የመነጨው በሎንዶን ነው። ሳሙኤል ባርኔት የተባሉ ቄስ ከባለቤታቸው ከሄንሪየታ ጋር በ1884 ዓ.ም. በኋይትቻፕል የድኾች ሠፈር ቶይንቢ ሆልን መሠረቱ፤ የተማሩ ወጣቶችም ከድኾች ጋር በጉርብትና እየኖሩ ዕውቀታቸውን እንዲያካፍሉ አደረጉ። ይህን ጐብኝተው የተመለሱት ወይዘሪት ጄን አዳምስ ከወዳጃቸው ከወይዘሪት ኤለን ጌትስ ስታር ጋር በመስከረም 1889 በቺካጎ በሀልስተድ ጎዳና ወደሚገኝ አሮጌ ቤት ገቡ። በዙሪያው የሚኖሩት ኢጣሊያውያን፣ አየርላንዳውያን፣ ጀርመኖችና ከምሥራቅ አውሮፓ የተሰደዱ አይሁድ ነበሩ።

ሁለቱ ወይዛዝርት ሥራቸውን የጀመሩት ራሳቸው በሚወዱት ነገር ነው፤ ለሠፈሩ ወጣት ሴቶች ልብ ወለድ መጽሐፍ ያነቡላቸው፣ የኢጣሊያንም ሥዕሎች ያሳዩዋቸው ነበር። ጎረቤቶቹ መጡ፤ የመጡት ግን የየራሳቸውን ችግር ይዘው ነው። እናቶች ለሥራ ሲወጡ ልጅ የሚጠብቅላቸው አልነበረም። አንድ ሕፃን እናቱ እስክትመለስ ቀኑን ሙሉ ከገበታ እግር ጋር እየታሰረ ሦስት ዓመት በመቈየቱ ጀርባው ጐብጦ ተገኘ። ለእንዲህ ያለው ሕፃን የኢጣሊያን ሥዕል ምን ይጠቅመዋል? የሕፃናት ትምህርትና ማቈያ ቤት የተከፈተውም ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያው የገና በዓል የሆነው ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስደንቃል። ለልጆች ከረሜላ ሲታደል ጥቂት ትንንሽ ልጃገረዶች አንቀበልም አሉ። አስተናጋጆቹም ነገሩ ግራ ገባቸው። ቈይቶ እንደ ተረዳው ልጃገረዶቹ የሚሠሩት በከረሜላ ፋብሪካ ኖሮ፣ በዓሉ በደረሰበት ሰሞን ከጧቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት እዚያው ስለሚውሉ ከረሜላ ማየት እንኳ አስጠልቷቸው ነበር።

እንግዲህ ልጅን ለማስደሰት የታሰበው ስጦታ የልጁን መከራ ገለጠ። በ1891 ወደ ቤቱ የመጡት ወይዘሮ ፍሎረንስ ኬሊ የሠፈሩን ፋብሪካዎችና የልብስ ስፌት ቤቶች እየዞሩ መረመሩ፤ በ1893ም የኢሊኖይ ግዛት ከዐሥራ አራት ዓመት በታች ያለ ልጅ በፋብሪካ እንዳይሠራ፣ የሴቶችም የሥራ ጊዜ በቀን ከስምንት ሰዓት እንዳያልፍ ሕግ አወጣ። ወይዘሮ ኬሊም የፋብሪካዎች ዋና ተቈጣጣሪ ሆነው ተሾሙ። የስምንት ሰዓቱን ድንጋጌ የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1895 ሽሮታል። ሆኖም ልጅን ማታ ወደ ማኅበር ለመጥራት፣ ቀን ከፋብሪካ ማውጣት እንደሚቀድም የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

መጫወቻ ሜዳውም እንዲሁ ተገኘ። ዊልያም ኬንት የተባለ ወጣት ባለሀብት በሠፈሩ በነበሩት የተበላሹ የኪራይ ቤቶች ምክንያት ከሀል ሃውስ ሰዎች ብርቱ ነቀፋ ስለ ደረሰበት መሬቱን በነጻ ሰጠ፤ ቤቶቹም ፈርሰው ሜዳ ሆነ። የግሪክ ስደተኞች በ1899 የኦዲሴዎስን ታሪክ በቴአትር አሳዩ። በቤቱ የሙዚቃ ጓድ ከሠለጠኑት ልጆች አንዱ በ1909 የተወለደው፣ በኋላ በክላርኔት ዓለም ያወቀው ቤኒ ጉድማን ነው። ወይዘሪት አዳምስ በ1909 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከተማ የወጣቶችን ጉልበት በሥርዐት እየሰበሰበ ደስታቸውን ግን ለነጋዴ መተዉ ታላቅ ስንፍና መሆኑን አመልክተዋል። የመሸታ ቤት የማይዘጋበትን የከተማ መንገድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ነገር ግን ሙገሳውን ማብዛት አይገባም። የቤቱ በር ለአውሮፓ ስደተኞች ልጆች የተከፈተውን ያህል ለጥቁር አሜሪካውያን ልጆች ብዙ ዘመን አልተከፈተም።

የቤቱ ፍጻሜም አሳዛኝ ነው። በ1961 የከተማው አስተዳደር ቦታውን ለኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እንዲሆን መረጠ። የልብስ ሰፊ ልጅ የሆኑትና በልጅነታቸው በሀል ሃውስ ያደጉት ወይዘሮ ፍሎረንስ ስካላ የሠፈሩን ሴቶች አስተባብረው በከንቲባው ጽሕፈት ቤት ተቀመጡ፤ ክሱንም እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድርሰው በ1963 ተረቱ። የቤቱ ቦርድ ግን ቀደም ብሎ በካሳው ገንዘብ ተስማምቶ ነበር። ከዐሥራ ሦስቱ ሕንፃዎች ሁለቱ ብቻ ተርፈው ሙዚየም ሆኑ፤ ማኅበሩም በሌሎች ሠፈሮች ሲሠራ ቈይቶ በጥር 2012 በገንዘብ እጦት ተዘጋ።